ስድስት ድምፅ ለሰባት ማኅበር

ፓርቲው በተመሠረተ በዓመቱ ለአዋሳ ኪነት ቡድን አንድ አዲስ ኦርጋን ከአዲስ አበባ ተላከለት። ከቡድኑ ሊነካው የሚችል ሽበሺ ብቻ ነበር። እሱንም ያስተማረው የለም፤ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እያዞረ፣ የሚያፏጨውን ከሚያንቋርረው ለይቶ ነው የለመደው። ጣጣው የመጣው የቡድኑ ኃላፊ ካድሬ ጓድ ጌታቸው "ይሄ ነገር ምን ይችላል?" ብሎ ሲጠይቀው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ "ባንድ ጊዜ ስድስት ድምፅ ያወጣል" ያለ ዕለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሽበሺ ግን ባዳው አፉ ነበር።

ጓድ ጌታቸው ስድስት ባዶ ቦታ እያለ ሳይደለድል እንቅልፍ አይወስደውም። ድምፁ ከሁሉም የወፈረውን ቁልፍ ለፓርቲው ሰጠ። ከሱ ሽቅብ እየቀጠነ ገበሬዎች፣ ሠራተኞች፣ ሴቶች፣ ወጣቶችና መምህራን ተከተሉ። ለአብዮት በዓል ስማቸው በማይክራፎን በተጠራ ቁጥር ቁልፋቸው ይጫናል። የተጫነ አይለቀቅም። መጨረሻ ላይ ሰፊው ሕዝብ ባንድነት ያስተጋባል።

ለልምምድ ተወካዮቹ መጥተው የየራሳቸውን ቁልፍ ሞከሩ። የሴቶቹ ተወካይ ወይዘሮ አባይነሽ "የእኛ ዋሽንት ይምሰል" አሉ። የወጣቶቹ ተወካይ ከመለከት በታች አልቀበልም አለ። ሽበሺ ኦርጋኑ ባንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ቃና ብቻ እንደሚይዝ ሲያስረዳ፣ ጓድ ጌታቸው ይህን የመስመር ጥራት ብሎ አመሰገነውና ሁሉም መለከት ሆኑ። ከከተማው ወጣ ካለችው ከቱላ የመጡት የገበሬዎቹ ሊቀ መንበር አቶ ኩማ ቁልፋቸውን አንዴ ጫን አድርገው፣ ሲጮህ ፈገግ ብለው ሄዱ።

በበዓሉ ጠዋት ጓድ ጌታቸው በአዳራሹ ጓሮ ብቅ አለ።

"የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበርም ይገባል። የክብር እንግዳው ትናንት ምሳ ላይ የሐይቃችንን ቆሮሶ ዓሣ በልተው በጣም ተደስተዋል።"

"ጓድ፣ ስድስት ነው እኮ የሚችለው።"

"ሰባተኛውን ብትጫን እምቢ ይላል?"

"አይልም፣ ይጮኻል። ግን መጀመሪያ የተጫነውን ዝም ያሰኛል።"

ጓድ ጌታቸው መጀመሪያ የሚጫነው የማን እንደሆነ አሰበ። መሀረቡን አወጣ።

"ማን ፈቀደለት?"

"የሠሩት ጃፓኖች።"

"ፓርቲውን መጨረሻ እንጫነዋ" አለ ሽበሺ ቀስ ብሎ።

"ፓርቲው ጭራ ይሁን ነው የምትለኝ?"

"እንግዲያው ሰባተኛው ሲጠራ ከመሃል አንዱን እለቃለሁ። የማንን ልልቀቅ?"

ሁለቱም አሰቡ። መምህራን አቤቱታ መጻፍ ያውቁበታል። የወይዘሮ አባይነሽ ባል የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። ወጣቶቹ ጠመንጃ ታድሏቸዋል። ሠራተኛው የአብዮቱ ግንባር ቀደም መሆኑ የአዳራሹ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

"ቱላ ሩቅ ነው አይደል?" አለ ጓድ ጌታቸው።

"አቶ ኩማ ፊት ወንበር ላይ ናቸው።"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። ቅር የተሰኘ ማኅበር ካለ ግን፣ ጓድ ሽበሺ፣ ሰሜን ጦር ግንባርም ሰው ያስፈልጋል። ኦርጋኑ እዚሁ ይቀራል።"

ሰዓቱ ደረሰ። ስሞቹ እየተጠሩ ቁልፎቹ ተጫኑ፤ አዳራሹ በመለከት ተሞላ። "የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር!" ሲባል ሽበሺ የገበሬዎቹ ቁልፍ ላይ ያለውን ጣቱን ሳያርቅ ላላ አደረገና ሰባተኛውን ተጫነ። ፓርቲው አልተነቃነቀም። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ የክብር እንግዳውም ብድግ አሉ። አቶ ኩማ ብቻ አላጨበጨቡም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓሣ ሲበለት እንደሚጠብቅ የሐይቅ ዳር ወፍ፣ እንደ አባ ኮዳ፣ የሽበሺን ላላ ያለ ጣት ያዩ ነበር።

በዓሉ አልቆ ሽበሺ የኦርጋኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ሲጠቀልል አቶ ኩማ ወደ መድረኩ መጡ። ጓድ ጌታቸው ቀደማቸው።

"ጓድ ኩማ፣ የገበሬው ድምፅ እንዴት ነበር?"

ሽበሺ ጎንበስ ብሎ የተጠቀለለውን ገመድ መልሶ ፈታ። አቶ ኩማ ወደ ኦርጋኑ ሄደው ቁልፋቸውን ጫን አደረጉ። ኦርጋኑ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ዝም አለ።

"ደህና ነው" አሉ። "እንደ ወትሮው ነበር።"

ጓድ ጌታቸው በመልሱ በጣም ረካ። አቶ ኩማ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ ወደ ሽበሺ ጠጋ አሉ።

"አይዞህ፣ አንተ ልጅ" አሉት። "እኛ ለምደነዋል።"