ከላይ፣ ከቀኝ ጫፍ

«እስቲ ብርጭቆዎቹን ከዚያ ላይ አንሱልኝ» አለች የሟቹ ሚስት።

ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ለቀስተኛው በዝቶ ጠረጴዛ ስለጠፋ፣ ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን ጥግ የቆመው የኮምፒውተር ሳጥን ላይ ያሳርፍ ነበር። ሟቹ ጡረታ ከወጣ በኋላ ዕቃውን ከየቦታው ለቃቅሞ የገጣጠመው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ሞተር ያልፈራ ሰው፣ ይቺን ሳጥን ማስነሳት አቅቶት ሞተ። ጎረቤቱ «ያንተ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ጀመረ ወይ?» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ሚስቲቱ ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ዞረች።

«አንተ እንኳ ክፈትና እየው። ሥራህ አይደል?»

ሥራው ነው። ኮምፒውተር በመጠገን ነው የሚተዳደረው። ሳጥኑን መሬት ላይ አስተኝቶ የጎኑን ክዳን ፈታ። ወንድሙ ሽቦውን ሁሉ በክር እያሰረ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ አሳምሮ ነው የሠራው። ድሮም እንዲህ ነው፤ አባታቸው ሲሞት ይህን ታናሹን ያሳደገው፣ የጫማ ክር ማሰር ያስተማረው እሱ ነው።

ጥፋቱን ለማግኘት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከማስነሻው ቁልፍ የምትመጣው ትንሽ መሰኪያ ያለቦታዋ፣ የጠቋሚ መብራቷ ሽቦ የሚሰካባቸው መርፌዎች ላይ ተሰክታለች። ቁልፉን ቀኑን ሙሉ ቢጫኑት ማን ይሰማዋል?

አጠገቧ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። የወንድሙ ጽሕፈት ነው፤ «ከላይ፣ ከቀኝ ጫፍ። ታናሼ በስልክ የነገረኝ።» ወረቀቷ የተለጠፈችው ተዘቅዝቃ ነው።

ታናሽየው ወንድሙ የደወለለት ቀን ትዝ አለው።

ያን ቀን የጥገና ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቆ ነበር።

«የመሰኪያዋ ቦታ ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ አይታየኝም። ብቅ ብትልልኝ?» አለው ወንድሙ በስልክ።

«ለዚህች ለዚህች ጋሼ? ከላይ፣ ከቀኝ ጫፍ ሰካው፤ አለቀ!» ብሎ ዘጋው።

በየት በኩል ቆመህ ነው ብሎ አልጠየቀውም። ወንድሙ በሳጥኑ አናት በኩል ቆሞ ይሠራ ኖሯል፤ ላዩ ታች፣ ቀኙ ግራ ሆኖበታል። ደግሞ ሲደውል «ነገ እመጣለሁ» አለው። እንዲህ ነገ፣ ነገ ሲል ወር አለፈ።

መሰኪያዋን ነቅሎ ቦታዋ ሰካት። ኤሌክትሪኩን አገናኝቶ ቁልፉን ሲጫነው ማራገቢያው መዞር ጀመረ።

«በደቂቃ!» አለች ሚስቲቱ እንባዋ እየወረደ። «እሱ እኮ ‹ታናሼ አይሳሳትም፤ የኔ እጅ ነው የማይረባው› እያለ ስንት ቀን አንገቱን ደፋ!»

«የሱ እጅ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። ለምኖኝም አልመጣሁለትም።»

«ተው ልጄ፣ ራስህን አትውቀስ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሐዘን ብዙ ያናግራል።»

«እውነቴን ነው አባባ! ስህተቱ የኔ ነው!»

«እሺ፣ እሺ» አለች ሚስቲቱ ጀርባውን እየደባበሰች። «ውኃ አምጡለት።»

ማንም አላመነውም። ቢያምኑትስ ምን ሊረባው? ይቅር ሊለው የሚችለው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ይዞት ሄዷል።

ታናሽየው ሳጥኑን ሊያጠፋው ቁልፉን እንደገና ተጫነው፤ ጣቱንም አላነሳም። ማራገቢያው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ቆመ። ውኃውን ሲያመጡለትም እንደተጫነው ነበር።