ውሃ ጨምሪበት

እናንተዬ፣ ለልጃችሁ አስጠኚ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑ። ካወቃችሁ ደግሞ ይቺ ስፌተኛ ምን እንደሆነች ለመረዳት ብዙ አይከብዳችሁም።

ልጇን ሚጣ እያለች ነው የምትጠራት። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላትም ለእናት ሚጣ ሁሌም ሚጣ ናት። ልጅቷ ፋርማሲ መማር ትፈልጋለች፣ ሌላ ነገር ዓይኗን አይሞላም። ለዚህ የሚያበቃው የከፍተኛው ኬሚስትሪ ፈተና አምስት ሳምንት ሲቀረው ግን በሞዴል ፈተናው ከመቶ አርባ አንድ አመጣች። ከሰባ በታች ፋርማሲ የለም። ፈተናው ደግሞ አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ሁለተኛ አይሰጥም።

የመጀመሪያው አስጠኚ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ገና ሲገባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ስልኩ ሲጮኽ ይስቃል፣ ዝም ሲል ያዝናል።

«እማ፣» አለች ሚጣ በሦስተኛው ቀን፣ «ይሄ ሰውዬ እኔን ሳይሆን ስልኩን ነው የሚያስጠናው።»

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። እውቀት ነበራቸው፤ እንቅልፍም ነበራቸው። ኤሌክትሮን መቁጠር ይጀምሩና አሥር ሳይሞላ ያንኮራፋሉ። ሚጣ እንዳይነቁ ደብተሯን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ስባ ብቻዋን ትቀጥላለች።

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየበረረች ገባች። እናትየው ማሽኑ ላይ ነበረች፣ የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋች።

«አገኘሁ እማ! እትዬ ተኩስን ታውቂያቸዋለሽ?»

እትዬ ተኩስ ከገበያው ጀርባ ላውንደሪ ያላቸው ሴት ናቸው። ልብስ ስለሚተኩሱ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ ቁጣቸውም ስሙን ረድቶታል።

«ምን ሆኑ?» አለች እናትየው፣ ዓይኗን ከኮሌታው ሳታነሳ።

«ድሮ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ! የፊዚክስ ቲቸራችን ነው የነገረን፣ እንደሳቸው የሚያስረዳ አልነበረም አለ። ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ እምቢ አሉኝ። ግን አንድ ጥያቄ ሳሳያቸው እምቢ እምቢ እያሉ ሠሩልኝ። እዪው!»

የላውንደሪ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው የሠሩት። ስፌተኛዋ ወረቀቱን ተቀበለች። ሰባት ቁጥሩ ወገቡ ላይ መቀነት ታጥቋል። መልሱ ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሯል፤ ድሮ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምታውቀው። እግሯ ከፔዳሉ ላይ ወረደ።

«እማ? ምነው ፊትሽ?»

«ምንም። ክር ተበጠሰብኝ።»

ክሩ አልተበጠሰም።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ላውንደሪ በር አልፋ አታውቅም። በገበያው ጀርባ ያለው መንገድ ያሳጥራል፤ እሷ ግን ዞራ ነው የምትሄደው። ለምን ሲሏት ጭቃ ነው ትላለች። በበጋም ጭቃ ነው ትላለች። ሌላም ነገር ነበረባት። ሚጣ ከምድጃው አጠገብ ሆና «እማ፣ ሾርባው ወፈረ፣ ምን ላድርግ?» ስትላት «ውሃ ጨምሪበት» አትልም። ሥራዋን ጥላ ተነስታ፣ ፊቷን አዙራ፣ ራሷ ትጨምራለች። ልጅቷ እናቴ በእጄ አታምንም ብላ ታኮርፍ ነበር። ያቺ ቃል ግን ከእናትየው አፍ አትወጣም። አንዴ ወጥታ ያደረገችውን ታውቃለችና።

«አንቺ ለምኚልኝ እማ፣» አለች ሚጣ። «አንቺን እምቢ የሚል የለም።»

ስፌተኛዋ ሦስት ቀን ጸለየች። የጸለየችው ሌላ አስጠኚ እንዲሰጣት ነበር። አልሰጣትም። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሄደች።

ቤቱ ጠባብ ነው። ላስቲክ የለበሱ ኮቶች በአንድ ብረት ላይ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዞባቸዋል። እንፋሎቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። እትዬ ተኩስ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ነጭ ሸሚዝ ላይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ውሃ ረጨት አደረጉና ካውያውን አሳረፉበት። ጭስስስ አለ። ያኔ ግራ እጃቸው ብድግ ብሎ ግራ ዓይናቸውን ሸፈነ። ከዚያ ወረደ። የሚታወቃቸውም አይመስልም።

«ምን ይዘሽ ነው? ኮት ነው ሸሚዝ?»

«ልጅ ነው።»

«ልጅ አልተኩስም።»

«የዚያች ኬሚስትሪ ያሳየችዎት ልጅ እናት ነኝ።»

«እምቢ ብያታለሁ እኮ። ምን ዓይነት ደረቅ ልጅ ነው የወለድሽው?»

«በአባቷ ነው እንጂ በኔስ አይደለም።»

እትዬ ተኩስ ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። አላወቋትም። ያን ጊዜ ሹሩባዋ የሚወዛወዝ ቀጫጫ ልጅ ነበረች፤ አሁን ወንበር የምትሞላ እናት ሆናለች።

«ስሚኝ እህቴ፣» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። «አንዲት ተማሪዬ ዓይኗን ያጣችው በኔ አፍ ነው። አሲድ ስታቀጥኚ አሲዱ ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው፣ ቀስ ተብሎ። ውሃውን አሲዱ ላይ ካደረግሽው ይፈላል፣ ፊትሽ ላይ ይተፋል። ይሄንን ተኝቼም አውቀዋለሁ። ግን ልጆቹን ሲጠይቋቸው ‹ቲቸር ውሃ ጨምሩበት አለች› አሉ። እንደ ሾርባ! እንደዛ ማለቴ ትዝ አይለኝም። ግን ልጅ ለምን ይዋሻል? ብዬ ነው እንጂ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አፌን አላምነውም። ለደንበኛ ‹ማክሰኞ ነይ› ማለት እንኳ እፈራለሁ፣ ወረቀት ላይ እጽፍላታለሁ።»

«ከአምስቱ ሳምንት ሁለቱ ሊያልቁ ነው፣» ብቻ አለች ስፌተኛዋ። «ሌላ ሰው የለንም።»

እትዬ ተኩስ የሸሚዙን እጅጌ አዙረው ተኮሱ፣ ደግመው አዙረው ተኮሱ።

«በጽሑፍ ከሆነ ትምጣ። አልናገርም። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታነባለች። ሰኞ።»

ተገኘ! የመጣችበት ነገር እጇ ገባ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ሦስት ጊዜ ጎንበስ አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ካውያው ጭስስስ አለ። ዞር ስትል ያቺ ግራ እጅ ዓይኑ ላይ ናት።

እናንተዬ፣ ዝም ብላ ብትወጣ ማን ያውቅባት ነበር? ማንም። ከተናገረች ግን አሁን የተከፈተውን የልጇን በር በገዛ እጇ መዝጋቷ ነው። ውጣ ውጣ ብትለውም እግሯ አልወጣ አለ።

«ቲቸር፣» አለች።

እትዬ ተኩስ ቀና አሉ። እንደዚህ ብሎ የጠራቸው ሰው ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል።

«ውሃ ጨምሩበት አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነበር፣ ያቺ ዓይኗን ያጣችው ልጅ ከኋላዬ ነበረች፣ አልሰማችዎትም። ‹ምን አለች?› አለችኝ። እኔ ከጎኔ ካለችው ጋር እየሳቅኩ ነበር። ዞር እንኳ ሳልል ‹ውሃ ጨምሪበት› አልኳት።» ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። «ቢሮ ሲጠሩኝ ፈራሁ። ቲቸር ናት ያለችው አልኩ። ሌሎቹም እኔን ተከትለው አሉ።»

ካውያው ሸሚዙ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀጭን ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው። ስፌተኛዋ ልታነሳው እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!»

እጇን ሰበሰበች። እትዬ ተኩስ ራሳቸው አነሱት። የሸሚዙ ደረት ጠቁሯል።

«እኔ ያልኩትን ድገሚው።»

«አሲዱን ውሃው ላይ ጨምሩ። ቀስ አድርጋችሁ።»

«እንደገና።»

«አሲዱን ውሃው ላይ ጨምሩ። ቀስ አድርጋችሁ።»

«ብያለሁ፣» አሉ፣ ለሸሚዙ የሚነግሩት ይመስል። «በትክክል ነው ያልኩት። ብያለሁ እኮ።» ወንበር በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ለስፌተኛዋ ይሻላት ነበር።

የተቃጠለውን ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አጣጠፉት። «ልጅሽ ሰኞ ትምጣ። እሷ ምን አጠፋች። አንቺ ግን ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገቢ።»

«እሺ ቲቸር።»

«ለኔ ነገርሽኝ። ለዚያችኛዋስ?»

«የት እንዳለች አላውቅም።»

«ፈልገሻታል?»

ስፌተኛዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ሚጣ ሰኞ ሄዳ ማክሰኞም ሄደች። ረቡዕ ስትመለስ፣ «እማ፣ ይጽፉልሻል አላልሽኝም ነበር? ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ነው እኮ የዋሉት! ድምጻቸው መንገድ ድረስ ይሰማል፣» አለች። እውነቷን ነው፣ ይሰማል። እናትየው ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ግንብ ጥግ ቆማ ትሰማዋለች። «ማን ነው ማን ላይ የሚጨመረው? ጮክ በይ፣ አልሰማሁሽም!» ይላሉ። ልጅቷም ጮክ ትላለች።

ስፌተኛዋ አሁን በገበያው ጀርባ ነው የምትመላለሰው። ያቺን ልጅ መፈለግ ጀምራለች። የድሮ ቤታቸውን አንኳኳች፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ ቤተሰቡ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። መንገድ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ባየች ቁጥር ትከተላታለች። ቀድማ ዞራ ፊቷን ስታየው እሷ አይደለችም። አንዳንዴ ታዲያ እሷ ባለመሆኗ ደስ ይላታል። እንደዚህ ደስ መሰኘቷ ነው የሚያስፈራት።

ሚጣ ሞዴሉን ደግማ ስትሠራው ሰባ ስምንት መጣላት። ዋናው ፈተና የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ነው። እባካችሁ በጸሎታችሁ ልጅቷን አስቧት። ልባችሁ ከፈቀደ፣ እናቷንም።