ነጩ ሸሚዜና የሌዘሩ መርፌ

ጥፋቱ የሸሚዜ ነው! ጂብሪል ምንም አላደረገም፣ ሽቦውም ደህና ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ መርፌዋን ያሳበድኳት እኔ ሎሚ ነኝ! ወይኔ! ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ቲቸር ሰብስቤ ከዩኒቨርሲቲ ሌዘር ተውሰው ናዝሬት አመጡልን። ሰማያዊው ጨረር የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ላይ ሲያርፍ፣ ውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር ቀላ ያለ ብርሃን ይሰጣል። የመለኪያ መሣሪያው መርፌ እሱን ትለካለች። ግን ብርሃኑ በጣም ደካማ ነው፤ ሌላ ብርሃን ትንሽ ከገባ ይውጠዋል። ከቀበሌ ብርድ ልብስ ለምነን መስኮቱን ጋረድን፣ የበሩን ስር በጋዜጣ ጠቀጠቅን። መርፌዋ ግን ትዘላለች!

እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ዕቃ መጥቶ በአሮጌ ልብስ ልታይ? እማዬን በዱቄት ሳሙና እያሳጠብኩ በየቀኑ ነጭ ሸሚዝ! ከዚያ መሣሪያው ላይ ተደፍቼ፣ "ቲቸር፣ ይኸው ደግሞ ዘለለች!" እላለሁ። ሊቋ!

ረቡዕ የመሣሪያውን ሽቦ የበየደውን የክፍል ጓደኛዬን ጂብሪልን ልተርበው ብዬ፣ "ሽቦውን ስትበይድ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ" አልኩት።

"ወላሂ አልተንቀጠቀጠም! አንቺ ወሬኛ!"

ቲቸር ሰሙና፣ "አንተ ነህ ለካ ያበላሸኸው? በቃ፣ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽኑ ላይ መሣሪያውን ለማሳየት ባንተ ቦታ ሎሚ ትሄዳለች" አሉ። ጂብሪል ግን አዲስ አበባ ልሄድ ነው ብሎ ሻሸመኔ ላለችው እናቱ ደብዳቤ ልኮ ነበር።

ዛሬ ቲቸር፣ "ሎሚ፣ መሣሪያውን ጠብቂ፣ መጣሁ" ብለውኝ ወጡ። እንደ ልማዴ ጎንበስ ስል፣ በጨለማው ኮሌታዬ ቦግ ብሏል! እንዴ? ሹራቤን ከላይ ደረብኩ፤ መርፌዋ ጭጭ። አወለቅኩ፤ ዘለለች። ደረብኩ፤ ጭጭ። አሥር ጊዜ ሞከርኩት! ለካ ሳሙናው ልብስ ላይ የሚተወው ነገር ጨረሩ ሲነካው ያበራል። ጨለማ ለመፍጠር ስንለፋ አምፖሏ እኔው ነበርኩ።

ነገ ጠዋት መኪና ሌዘሩንና እኔን ይዞ ወደ ኤግዚቢሽኑ ይሄዳል። ከተናገርኩ ጂብሪል ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ፣ ክፍሉ በሙሉ እስክመረቅ "አምፖሏ" ይለኛል። ሹራቤን ለብሼ ዝም ካልኩ ደግሞ መርፌዋ ትረጋለች፤ ሁሉም "አያችሁ፣ ጂብሪል ሲወጣ ተስተካከለ!" ይላል።

አሁን ጂብሪል በር ላይ ቆሞ፣ "እንዴት ነው፣ አሁንም ትዘላለች?" እያለኝ ነው። ሹራቤን ለብሻለሁ። መርፌዋ ጭጭ ብላለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?