ተቆልፎ የተላከ መርዶ

ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው እጁን አጣጥፎ ቤት መዋል አይሆንለትም። መምህር ገበየሁም ጡረታ በወጣ በወሩ የሰፈሩን የቅሬ ጸሐፊነት ሲሰጡት እንደ ትልቅ ሹመት ተቀበለው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ መካነ ሰላም ዳርቻ ያለው ይህኛው ቅሬ እስላም ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ ይዞ በአንድ ዶማ የሚያስቀብር ነው። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥተው የሚለፍፉት የገበየሁ የአጥር ጎረቤት አያ ዋለ ናቸው።

ነበሩ ማለት ይሻላል። ከሁለት ዓመት በፊት ገበየሁ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «በዚህ ዘመን እንዴት በጩኸት ሰው ይጠራል? መቶ አርባው አባል ስልክ አለው፤ አንድ መልእክት ጽፌ ለሁሉም እልካለሁ» አለ። ተጨበጨበለት። አያ ዋለን አመስግነው አሰናበቷቸው። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በአጥሩ በኩል «እንዴት አደርክ» ብለውት አያውቁም። ይህ ነገር ገበየሁን ይከነክነዋል፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ነው። ለምንጭ ጠረጋ «ነገ አንድ ሰዓት ላይ አካፋ ይዛችሁ ውጡ» ብሎ ቢልክ አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ እሱም ራሱ ነበር። ለስልክ ድርጅቱ ቢደውል አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች።

«አባቴ፣ አንድ ዓይነት መልእክት ለብዙ ሰው ሲላክ ሲስተሙ ማስታወቂያ ነው ብሎ ያግደዋል።»

«ምን ልሸጥ ነው የማስታወቀው? አካፋ?»

«ሲስተሙ ነው አባቴ።»

ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደብተር ሲያርም ኖሮ የእሱን ጽሑፍ ማሽን ሲያርምበት ጨሰ።

እሑድ የቅሬው ሰዎች መላ ሊመቱ ተሰበሰቡ። ከጅዳ የተመለሰችው ኡምኩልሱም «ኢሞ ነው እንጂ! እናቴን ስምንት ዓመት ያየኋት በኢሞ ነው» አለች። የገበየሁ ልጅ ሀይማኖት ግን ዋትስአፕን አመጣች። «ይኼ የተቆለፈ ነው። ከላኪና ከተቀባይ በቀር የስልክ ድርጅቱም አያነበው።»

ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የቅሬው ትልቅ ሰው ሼህ ሃሩን ከተቀመጡበት ሳቁ። «ልጄ፣ ቅሬ ምን ምስጢር አለው? ሞት ተቆልፎ ይላካል እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ፤ ገበየሁም አብሮ ሳቀ፤ የተቆለፈውንም መርጦ የቅሬውን ግሩፕ አስከፈተ። ዘመናዊ ስልክ የሌለውስ ቢሉት «ካለው ሰው ይሰማል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሼህ ሃሩን እንደተኙ አረፉ። ልጃቸው አሕመድኑር እየሮጠ መጣ። «መምህር፣ ከዙህር ሶላት በፊት መቅበር አለብን። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፤ የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ ዝም ብሏል። በአላህ ሰው ጥራልኝ።»

ገበየሁ መነጽሩን አጥልቆ፣ አራት ነጥቡን እንኳ ሳይረሳ፣ መርዶውን ጽፎ ላከ። መልሱ ወዲያው ይጎርፍ ጀመር። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ከጅዳ። «ነፍስ ይማር» ከቤይሩት። የሚያለቅስ ፊት ከሪያድ። እሰይ፣ ደረሰ አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ መቃብሩ ቦታ ሲሄድ አሕመድኑርና ሁለት ወንድሞቹ ብቻ ቆመዋል። አብራው የመጣችው ሀይማኖት ስልኩን ተቀብላ ቆጠረች። ግሩፑ ውስጥ ያለው ሠላሳ አንድ ሰው ነው፤ አሥራ ዘጠኙ ዐረብ አገር ነው፤ እዚህ ያሉት ደግሞ መብራት ስለሌለ ስልካቸው ተዘግቷል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለካ በከንቱ አይደለም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲቀብሩ የኖሩት ሼህ ሃሩን፣ የራሳቸው ጀናዛ ተሸካሚ አጥቶ ሊቀር ነው። ገበየሁ አፈረ፤ ፈራም። መቶ ሰው ዘንድ አንድ ባንድ ቢደውል ዙህር ያልፋል። የቀረው በር አንድ ነው።

አያ ዋለ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አያ ዋለ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«አበቡ ናት ደውላ ያረዳችኝ» አሉት። አበቡ ሪያድ ያለችው ልጃቸው ናት። «ሃሩን እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ፤ ብንጣራ እንሰማማለን። የባልንጀራዬ መርዶ ግን ባሕር ተሻግሮ ዞሮ መጣልኝ። ሥራህ ይኼ ነው አንተ ልጅ።»

ገበየሁ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በዱላቸው አገዱት። «ተው፣ እሱ በኋላ። ይልቅ ደግፈኝና ጉብታውን እንውጣ።»

ጉብታው ላይ አያ ዋለ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። «የቅሬ ሰው ሆይ! ሼህ ሃሩን ዐርፈዋል!» ድምፃቸው እዚያው ላይ ተሰበረ። ሁለት ዓመት ሥራ ፈቶ ኖሯል። ወደ ገበየሁ ዞሩ።

«ጨርሰው።»

መምህር ገበየሁ ከክፍል ውጭ ጮኾ አያውቅም። «ቀብሩ ከዙህር በፊት ነው! ዶማና አካፋ ይዛችሁ ውጡ!» አለና ቆመ። ተማሪ የሚቀጣ ይመስል ነበር።

አያ ዋለ በክርናቸው ጎሰሙት። «ዋናውን ረሳኸው።»

ገበየሁ ትንፋሹን ሳበ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ከማዶ ባሕር ዛፉ ሥር አንዲት ሴት ተቀበለችው። ከእሷ የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ ከእሱ ባጃጅ ነጂው ተቀበለው። በየደጁ ዶማ ትከሻ ላይ ሲወጣ ከጉብታው ይታይ ነበር። ሼህ ሃሩን ዙህር ሳይደርስ በመንደሩ ሙሉ ሰው ተቀበሩ።

ረቡዕ ጠዋት ገበየሁ ጓሮ ፊቱን ሲታጠብ ከአጥሩ ወዲያ ጉሮሮ ተጠረገ።

«እንዴት አደርክ፣ ለፋፊው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰላምታ መልስ አዘጋጅቶ ኖሯል። ድምፁ ግን ከትናንቱ ጩኸት ጀምሮ ተዘግቷልና፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ።