የማመልከቻ ማሳመሪያ

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የሁለቱ እምነቶች በዓል በአንድ ቀን ዋለና ሁለቱም ወገኖች አደባባዩን ፈለጉት።

መጀመሪያ የአንደኛው ወገን ሽማግሌ መጡ። «ልጄ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ሰው እንዳይጋፋ ሰግተናልና ሰዓት ይለዩልን ብለህ ጻፍልኝ» አሉ። ይሄማ ውሃ አያነሳም! አለቃ ካልደነገጠ መቼ ያነባል? እጄ ይቆረጥና፣ «መፍትሔ ካልተሰጠን ደም ይፈሳል» ብዬ አሳመርኩት። ላንብብልዎት ብላቸው «አምንሃለሁ» ብለው ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ የሌላኛው ወገን ሽማግሌ መጡ። ስጋታቸው ያው ነበር፤ የኔም ማሳመሪያ ያው።

በበዓሉ ዋዜማ አደባባዩ ታጠረ፤ ከተማው ወታደር በወታደር ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሰላምታ ተነፋፈገ። አለቃው ቢሮ ሮጬ ገባሁና «ጌታዬ፣ ደም የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ «ሁለቱም ፈርመዋል» አለኝ።

በዓሉ በየቤቱ፣ በር ተዘግቶ አለፈ።

በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው መጥተው አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«ለከርሞ የሚሆን ማመልከቻ በሁለታችንም ስም ጻፍልን» አሉ አንደኛው።

ብዕሬን ሳነሳ ሌላኛው እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ያልነውን ብቻ።»