ሳትቀምሺ አትስጪ

«እንግዳ መቀበልም ትምህርት ሆኖ ባሕር ያሻግራል?»

ጠያቂዋ አመተ ማርያም ናት፤ የወይዘሮ ጥሩሐረግ አጥር ተጋሪ ጎረቤት። ጊዜው የስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ነው። ሁለቱ ሴቶች ከቅዳሴ መልስ የሰቆጣን ዳገት ጎን ለጎን ይወጡ ነበር። ጥሩሐረግ ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ቀጠለች።

«እውነቴን እኮ ነው» አለች አመተ ማርያም። አፏ ሥራ የማይፈታ፣ ልቧ ግን ክፋት የማያውቅ ሴት ናት። «ከሰሃላ የመጣ፣ ከአምደወርቅ የመጣ፣ የመሸበት ሁሉ ‹የእግዜር እንግዳ› ብሎ የሚጣራው አንቺ ደጅ ነው። እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ መደብሽ ላይ አድሮ ይሄዳል። ታዲያ ለዚህ ሥራ ልጅቱን ከሚወስዱ አንቺን አስተማሪ አድርገው አይወስዱሽም ነበር?»

«ሂጂ ወዲያ!»

«ስትሄጂ የንብ ቀፎሽን ለእኔ ተይልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ጥሩሐረግ ሳትወድ ሳቀች። ሳቁ ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም።

ባሏ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። የተዉላት አንዲት ልጅ ናት፤ አገኘሁሽ። ልጅቱ አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ተቀምጣ ስትማር ከርማ የሆቴል ሥራ ትምህርት ቤት ገባች። አሁን ደግሞ ከሌሎች አምስት ተማሪዎች ጋር ተመርጣ ስዊስ ወደሚባል አገር ልትሄድ ነው፤ ሐይቅ ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል ውስጥ እየሠራች አንድ ዓመት ልትማር። ለስንብት ሰቆጣ መጥታ ሦስት ቀን ሰነበተች።

እናቲቱን ያስፈራት ብርዱም አውሮፕላኑም አይደለም። መቅረቷ ነው። ባሕር የተሻገረ ልጅ ደብዳቤ ሆኖ ይመለሳል እንጂ ሰው ሆኖ አይመለስም ሲሉ ሰምታለች።

ወደ ኮረም የሚሄደው የጭነት መኪና ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የልጇን ሁለት እጆች ያዘች። ልትላት ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነው፦ «የሰው እንግዳ የእግዜር ነው። ሳትቀምሺ አትስጪ።»

በዚያ ቤት ይህ ሕግ ነው። ጠላ የሚቀዳ ሰው ዋንጫውን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በግራ መዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየው ይጠጣል። ክፉ ነገር ቢኖርበት እኔ ልቅደም ማለት ነው። አገኘሁሽ እንስራ ማንሣት ሳትችል ገና በቅል መቅዳት ስትጀምር፣ እናቷ ከምግባር ሁሉ በፊት ያስተማረቻት ይህን ነው።

«እሺ እናቴ» አለች ልጅቱ። መኪናው ሄደ።

ደብዳቤ በየወሩ ይመጣ ጀመር። የሚያነብላት መምህር ምንዋጋው ነው፤ ቀን ሕፃናትን፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ጎልማሶችን የሚያስተምር ወጣት። አገኘሁሽ ስለ በረዶው፣ ስለ አልጋ አነጣጠፍ፣ ስለ ማንኪያና ሹካ አደራደር ትጽፋለች። ከአምደወርቅ የመጣው ተማሪ፣ ወርቅአገኘሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት እንግዳ ሻንጣዋን ራሷ ስትሸከም አይቶ በሩጫ ቢቀማት ሌባ መስሏት ጮኸች ብላ ጻፈች። ይህ ሲነበብ አመተ ማርያም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ጥሩሐረግ ግን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። የልጇ ቃል በሌላ ሰው አፍ በኩል ይደርሳታል። መሪጌታ በሕይወት ሳሉ ግቢዋ በፊደል ቆጣሪ ልጆች ይታመስ ስለነበር የፊደሉን ዜማ ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ታውቀዋለች፤ መልኩን ግን አታውቅም። እሷን ያስተማራት ማንም አልነበረም። በቤቷ የምታወራው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛው የገበያና የደጀ ሰላም ቋንቋዋ ነው። በጥር ወር ደብተር ገዝታ ጎልማሶቹ መካከል ተቀመጠች። ድምፁን ታውቀው ስለነበር መልኩ ቶሎ ገባላት። «እኚህ ናቸው ለካ ይጮሁብኝ የነበሩት» አለች ፊደሎቹን በጣቷ እየነካች፤ ክፍሉ ሳቀ።

በግንቦት መጨረሻ ወፍራም ደብዳቤ መጣ። ምንዋጋው እንደ ልማዱ ከትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያነብላት ጀመር። «ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ…» ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፤ አፉ ግን ቆመ። ገጹን ገለበጠ። «…ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጅሽ አገኘሁሽ» ብሎ አጠፈው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው እናቴ።»

ሦስት ቅጠል ሙሉ ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ጥሩሐረግ ደብዳቤውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካች፣ ድምፁን እያወጣች ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን ስድስት መስመር አነበበች። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት።

ልጅቱ እንዲህ ነበር የጻፈችው። በሆቴሉ የምግብ አዳራሽ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ነበሩ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ስታያቸው አባቷን ይመስሏታል። ወይን ስትቀዳላቸው እጇ እንደ ቤቷ ሠራ። በግራ መዳፏ ጠብ አድርጋ ጠጣች፣ ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ሽማግሌው ደንግጠው ብድግ አሉ። የሆቴሉ አለቃ ‹የእንግዳ ወይን ሰርቃ የምትጠጣ› ብሎ ከአዳራሹ አውጥቶ ሳህን አጣቢ አደረጋት። በፈረንጆቹ ቋንቋ አፏ ገና ስላልተፈታ ማስረዳት አልቻለችም። ለሐምሌ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ሹሞች ተሰብስበው ትባረር ወይስ ትጨርስ የሚለውን ይወስናሉ።

«ካባረሩኝ» ይላል የመጨረሻው ቅጠል፣ «ሌባ ተብዬ ሰቆጣ አልገባም። የአባቴን ስም አላሰድብም። አንዲት ሴት በልብስ አጣቢነት ልትቀጥረኝ ቃል ገብታለች፤ እዚሁ እቀራለሁ። ይቅር በይኝ።»

ጥሩሐረግ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሠገሠች።

«መምህር፣ ለምን ዘለሉት?»

ምንዋጋው ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ለካስ አንብባዋለች። «እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው እናቴ። ደጉን ብቻ ላሰማዎት…»

«ልጄ» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ መምህርነቱንም ረሳችው፤ «አንተ ዝም ብትል ልጄ እዚያው ትቀራለች። ክፉውን ያልሰማች እናት ምን ታደርጋለች?»

አንገቱን ደፋ። «ልክ ነዎት። እኔ እጽፍልዎታለሁ። ለሆቴሉ አለቃ በእንግሊዝኛ፣ ባማረ ቃል…»

«አንተ በስተግርጌ ጻፍ። ላዩን እኔ እጽፋለሁ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ስድስት ቀን ፈጀባት። አንድ ቃል ስትጨርስ ላብ ያጠምቃታል። አራት ወረቀት አበላሽታ አምስተኛው ላይ እንዲህ ሆነላት፦

«ይድረስ ለአለቃው። እኔ ጥሩሐረግ የአገኘሁሽ እናት ነኝ። በአገራችን መጠጥ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል። እንግዳው እንዳይፈራ ነው። ክፉ ቢኖርበት ቀማሹ ይሙት ማለት ነው። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጄ ሌባ አይደለችም። ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው። እርስዎም ቤቴ ቢመጡ ቀምሼ እሰጥዎታለሁ።»

ምንዋጋው ትርጉሙን ከሥር ጻፈ። ፖስታው ታሽጎ ሲያልቅ ግን የኮረሙ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ይህ ካመለጠ መንገዱ በጭቃ ይዘጋና ፖስታ በበቅሎ መሄድ ይጀምራል፤ የሐምሌው ስብሰባ ያልፋል። ጥሩሐረግ ቁልቁል ስትሮጥ ነጠላዋ ወደቀ። ከገበያው ጫፍ ስትደርስ መኪናው ቆሟል፤ ከፊቱ እግሯን አንፈራጥጣ የቆመችው አመተ ማርያም ናት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ!» ይላል ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«አልዞርም። ብትፈልግ በላዬ ላይ ሂድ፤ ሰባት ልጅ አለኝ፣ ሰባቱንም ታሳድጋለህ።»

«ኧረ የማን ጣጣ ነው!»

«የደብዳቤ ጣጣ ነው። ያቺት፣ እየመጣች ነው። አሯሯጧን እያት፣ በጉብዝናዋም እንዲህ አልሮጠች።»

ሹፌሩ ሳቁ አመለጠው። ፖስታውን ተቀብሎ ከደረት ኪሱ ከተተ። «ወልድያ ሳልደርስ አላወጣውም፤ እዚያ ለፖስታ ቤቱ በእጄ እሰጣለሁ» ብሎ ማለ።

ሰኔ አለፈ። ሐምሌ ገባ። ዝናቡ የሰቆጣን ቀይ አፈር አጥቦ ወደ ሸለቆው ያወርዳል፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር የለም። ጥሩሐረግ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የጨው ከረጢት ላይ ያለውን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለውን። የባሏን ስም መጀመሪያ ያነበበችው በዚያ ሐምሌ ነው። እጇን ስሙ ላይ አሳርፋ «ስምዎን አላሰደበችም፤ አደራዎን» አለች።

የሐምሌ መጨረሻ ሲያልፍ እህል አልዋጥልሽ አላት። አመተ ማርያም ቀልዷን ሁሉ ትታ በየቀኑ አብራት ትቀመጥ ነበር፤ ሁለቱም በኽምጣኛ እያወሩ ጥጥ ይፈትላሉ።

በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ የፖስታ ቤቱ ሰው ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ጠበቃት። «በበቅሎ የመጣ ነው፤ ጠርዙ ርሷል» ብሎ ፖስታ ሰጣት። ምንዋጋው ከወንዶቹ በኩል ሊመጣ ተራመደና ቆመ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ጥሩሐረግ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ራሷ ከፈተችው። ድምፅ እያወጣች ነው የምታነበው፤ ሰው ከበባት።

«እናቴ ሆይ፣ አለቃው ደብዳቤሽን በሹሞቹ ፊት አነበበው። ወርቅአገኘሁ ደግሞ ያንቺን ጽሑፍ በአማርኛው አነበበላቸው፤ ሲያነብ ድምፁ ተቆራረጠ። አለቃው ብዙ ቃል አልተናገረም። ‹በእኔ ሆቴል የሚቀምሰው እንግዳው ነው፤ አስተናጋጇ ጥቂት ትቀዳለታለች፣ እሱ ቀምሶ ከወደደው ነው የሚሞላለት። ይህን ካወቅሽ ወደ አዳራሹ ተመለሽ› አለኝ። ሌባ ያለኝን ቃል ግን ስሜን ጠርቶ በሁሉም ፊት አነሣልኝ። ሳህን ሳጥብ የባከነብኝን ወራት ጨምሬ ትምህርቴን ጨርሼ በጥር እመጣለሁ።»

«እመጣለሁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ከጥቅምት ጀምሮ ይዛው የነበረ ትንፋሽ ይመስል ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለች አመተ ማርያም፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እዚያ አገር እንግዳው ነው የሚቀምሰው?»

«እንዲያ ይላል።»

«እና እንግዳው ቢሞትስ?»

«የሚገድለው ነገር አይሰጡትማ።»

«ለነገሩ» አለች አመተ ማርያም ከዳር ዳር ቆመው የሚሰሙትን እያየች፣ «እንዲህ ያለውን ጉድ ሰው ባሕር ካልተሻገረ ከየት ያውቀዋል።» ጥሩሐረግ ቀና ብላ አየቻት። የጥቅምቱን ጥያቄ ጠያቂዋ ራሷ መለሰችው። ሳቀች፤ ይህኛው ሳቅ እስከ ሆዷ ወረደ።

አገኘሁሽ ለጥምቀት ማግሥት ገባች። ቀጥናለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች። ጎረቤት ቤቱን ሞላው። እናቷ ጠላውን ልትቀዳ ብትነሣ ልጅቱ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰደችባት። መጀመሪያ ለመምህር ምንዋጋው ቀዳች። ነገር ግን ከማቅረቧ በፊት ለአፍታ ቆም አለች፤ ሰው ሁሉ እጇን ያያል። በግራ መዳፏ ጠብ አደረገች፣ ጠጣች፣ ከዚያ ዋንጫውን በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ተመስገን፤ አልረሳችውም» አለች አመተ ማርያም። «አሁን ለእኔም ቅጂልኝ፤ እኔ ግን እንደ ፈረንጅ ነው የምቀምሰው፤ ከወደድኩት ትሞዪልኛለሽ።»

«ካልወደዱትስ እትዬ?»

«ያንቺ እናት ጠላ አይጠላም። እስከ አፉ ሙዪው።»

ጥሩሐረግ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ ልጇን ታያለች። ያን ቀን ቤቷ የመጣ ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሄደ፤ እሷ ምን እንደበላች አታስታውስም።

ወደ ስዊስ ከሄዱት ስድስት ተማሪዎች አራቱ እዚያው ቀሩ። ወርቅአገኘሁና አገኘሁሽ ተመለሱ። ወርቅአገኘሁ አምደወርቅ ወላጆቹን አይቶ ወደ አዲስ አበባ ወረደ፤ አገኘሁሽም ሰቆጣ ሁለት ወር ከርማ፣ በመጋቢት በኮረሙ መኪና ለሆቴል ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ጥሩሐረግ በሰቆጣ ቀረች፤ ደብዳቤውን የምታነበውም፣ የምትመልሰውም ራሷ ናት።