ለጠፋ ቀለበት የሚደወል ደወል

ወይዘሮ ሃርዲስቲ ፍሪማንትል ወደብ ላይ መርከባችን ሲሳፈሩ ፊቴን አዙሬ ወንበር ስዘረጋ ቆየሁ። እስከ አደሌድ አራት ቀን ነው፤ አራቱንም ቀን እሸሻቸዋለሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን በመንገዳችን ያለው ትልቅ ሰላጤ መሐል ገባን። ባላቸው ሬጂ አምና ከዚህችው መርከብ ላይ የጠፋው እዚያ ነው።

የጨዋታ ኮሚቴውን የሚመርጡት ተሳፋሪዎች ናቸው። መረቡን የምወጥረውና ነጥብ የምይዘው ግን እኔ፣ አስተናጋጁ ነኝ። ጨዋታው የገመድ ቀለበት በመረብ ላይ መወራወር ነው። ቀለበቱ ባሕር ከገባ ደወል እደውላለሁ፤ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ያስገባውም ሰው እራት ላይ ይዘፍናል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ጭብጨባው ሲያበቃ፣ ከውሃው በኩል አንድ ሰው ብቻውን ሲያጨበጭብ ይሰማኛል።

በዚያ ረፋድ አንድ ቀለበት ባሕር ገባና ደወልኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሻለቃ ዊንተር ረፋድ ላይ ለተሳፋሪው የሚታደለውን የመረቅ ስኒያቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ዘፋኙ ማነው? እንደ ትናንቱ ፍየል እንዳይሆንብን ብቻ!»

ሳቁ ሳይበርድ ወይዘሮ ሃርዲስቲ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ፔንግሊ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«አምና ለመርማሪዎቹ፣ ዞር ስል ሰውየው አልነበረም ያልከው?»

«አዎ።»

«የሬጂ እናት ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳዋለች። ራሱን ባሕር ውስጥ ጣለ ብላ። ሲሳፈርም እኔና እሱ ተኳርፈን ነበር። በእኔ ነው ወይ? ይህንን ብቻ ንገረኝ።»

መልሱን ዓመት ሙሉ ይዤው ነበር። ግን እሳቸውን የሚያጽናናውና እኔን የሚያጋልጠው አንድ ነው፤ አንዱን ነግሬ ሌላውን ማስቀረት አልችልም።

«ራሱን አልጣለም» አልኳቸው። «ቀለበቱን ሊቀልብ የብረት መከታው ላይ ዘለለ፤ እግሩ አዳለጠው።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ከውሃው ብቅ ብሎ እጁን አነሣ። ይዋኝ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ደወሉ እጄ ላይ ነበር፤ ደወልኩ። ሌሎቹ መረቅ ሊጠጡ ተቀምጠው ነበር፣ ቀለበት ጠፋ ብለው አጨበጨቡ። አጥብቄ ደወልኩ፤ ይበልጥ አጨበጨቡ። አንዱ ‹ዛሬስ ሁለት ዘፈን አለበት!› አለ። ወደ ካፒቴኑ መሮጥ ሲገባኝ ቆሜ እደውል ነበር። ስሮጥ መርከቧ ርቃ ነበር።»

«ምን ያህል ቆምክ?»

«ከአንድ ደቂቃ ይበልጣል።»

መከታውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በጥፊ የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝ በወደድኩ።

«መኖር ፈልጎ ነበር» አሉ ለራሳቸው። ወደ እኔ ዞረውም፣ «አደሌድ ላይ አብረኸኝ ትወርዳለህ። ለእናቱ እንደነገርከኝ ትነግራታለህ። ደቂቃዋንም ሳትቀንስ።»

«ሥራዬ...»

«ስለ ሥራህ አልጠየቅኩህም።»

«መርማሪዎቹም አሉ፣ እመቤቴ።»

«እነሱ ይቆዩ። መጀመሪያ እናቱ።»

«ፔንግሊ!» ሲሉ ሻለቃው ከመረቡ ማዶ ተጣሩ፤ «ተኛህ እንዴ? ነጥቡ ስንት ነው?»

አላውቅም ነበር።

አደሌድ ላይ ሻንጣቸውን ተሸክሜ ወረድኩ። የሬጂ እናት የምትኖርባትን ትንሽ ቤት በር አንኳኩ፤ ከውስጥ የእግር ኮቴ ሲሰማ ወደ ጎን ገለል አሉና እኔን አስቀደሙኝ።